እርሻ ከተጀመረ በኋላ ከተማና ንጉስ እስኪመጣ 5 ሺህ ዓመት ለምን ፈጀ? (ክሩ ከነመልሶቹ)

መነሻው ፖስት የኔ ነው። መልሶቹ በዝተው ስለተደበላለቁ አሁን ገብቶ ለሚያነብ ሰው እንዲመች በቁጥራቸው ተራ በራሴ አባባል አስቀምጫቸዋለሁ፣ የምለው ነገር ያለኝ ቦታ ላይም ጣል እያደረግኩ እሄዳለሁ።

መነሻ ፖስት

ሰላም ለሁላችሁም። ሁላችንም የተማርነው ታሪክ በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅ ነው፦ ሰው እያደነና እየለቀመ ሲዞር ኖረ፣ ከዛ እርሻ ጀመረ፣ እርሻው ትርፍ እህል አመጣ፣ ትርፉ ከተማ፣ ከተማው ንጉስ፣ ንጉሱ ጸሐፊ አስፈለገው፣ በቃ ስልጣኔ ተጀመረ። እኔ ግን ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ነገሩ አልገጥም ይለኛል። በመካከለኛው ምስራቅ የተላመደ ስንዴና ገብስ ከዛሬ 10,500 ዓመት ገደማ በፊት በደንብ ይታያል። ደቡብ ኢራቅ ውስጥ ኡሩክ የሚባለው ከተማ ላይ የተገኙት የመጀመሪያዎቹ የተጻፈባቸው የሸክላ ጽላቶች ደሞ 5,200 ዓመት አካባቢ ናቸው። ማለት ከኛ እስከ ጽላቶቹ ያለው ርቀትና ከጽላቶቹ እስከ መጀመሪያዎቹ ገበሬዎች ያለው ርቀት እኩል ነው ማለት ይቻላል። ታዲያ እርሻ ንጉስን የሚወልድ ከሆነ እርግዝናው እንዴት 5 ሺህ ዓመት ቆየ? በመሀል የነበሩት 200 ምናምን ትውልዶች ምን ሲሰሩ ነበር? የኔ እምነት እርሻ ብቻውን መንግስት አያመጣም፣ እነዛ ሰዎች ደሞ ንጉስ እስኪመጣላቸው ቁጭ ብለው የሚጠብቁ አልነበሩም፣ የራሳቸው የተሟላ አኗኗር ነበራቸው የሚል ነው። እስቲ የምታውቁትን አካፍሉን።

መልስ 1

በጣም ጨዋ መልስ ነው። ጥያቄውን ካመሰገነ በኋላ የመማሪያ መጽሐፉን ቅደም ተከተል ቶሎ መጣል እንደሌለብን ይናገራል። ምክንያቱ ምንድነው፣ የመጀመሪያው እርሻ በእጅና በእንጨት የሚሰራ ትንሽ የጓሮ ስራ ነበር፣ በሬ ጠምዶ ማረስ፣ ወተት ማለብ፣ ከበግ ጸጉር ልብስ መስራት፣ በአህያ ጭኖ ሩቅ መነገድ የሚባሉት በሰፊው የተለመዱት ከሺህ ዓመታት በኋላ ነው፣ እውነተኛው ትርፍ የመጣው ያኔ ነው ባይ ነው። ግማሹን እቀበለዋለሁ። ግን ትርፍ ስለተቻለ ብቻ ሰው ትርፉን አምጥቶ ለሌላ ሰው ያስረክባል ማለት አይደለም፣ ጥያቄዬ እዛ ጋ ነው ያለው።

መልስ 2

ይሄኛዋ ጸሐፊ ስህተቱ መሀል ላይ ሳይሆን ከመነሻው ነው አለችን። ሰው በአንድ ቦታ ረግቶ መኖር የጀመረው እርሻ ስለጀመረ አይደለም፣ ረግቶ መኖሩ ይቀድማል። ሁለት ማስረጃ አምጥታለች። አንደኛው በገሊላ ባህር ዳርቻ ያለው ኦሃሎ 2 የሚባል ቦታ ነው፣ በ1989 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የሐይቁ ውሃ ሲሸሽ ነው የተገኘው፣ 23 ሺህ ዓመት የሆናቸው የቅርንጫፍ ጎጆዎች ወለል ከነምድጃው ጭቃ ውስጥ ተጠብቆ ቆይቷል፣ የዱር ስንዴና ገብስ ፍሬ አለ፣ እህል የተፈጨበት ድንጋይም አለ። ያ ማለት የበረዶ ዘመኑ ሲበረታ ነው እንጂ ካለፈ በኋላ አይደለም። ሁለተኛው ናቱፋውያን የሚባሉት ናቸው፣ ከ15 ሺህ ዓመት ገደማ ጀምሮ የድንጋይ መሰረት ያለው ቤት ሰርተው፣ ሙታናቸውን እዛው ቀብረው፣ ሚዳቋ እያደኑና የዱር እህል እያጨዱ የኖሩ። ዓይን ማላሃ የተባለው ቦታ ላይ እጇን ቡችላ ላይ አሳርፋ የተቀበረች ሴት ተገኝታለች፣ እርሻ ሳይኖር ውሻ ነበረ ማለት ነው። እኔ ለዚህ መልስ የምጨምረው የለኝም፣ ከክሩ ምርጥ መልሶች አንዱ ነው።

መልስ 3

ከ2 ተነስቶ ወደ ጎቤክሊ ቴፔ ሄደ። ደቡብ ምስራቅ ቱርክ ውስጥ ያለው ኮረብታ ማለት ነው፣ ጀርመናዊው አርኪዮሎጂስት ክላውስ ሽሚት በ1995 ቁፋሮ የጀመረበት። 11,500 ዓመት የሚሆናቸው፣ እስከ 5.5 ሜትር የሚረዝሙ፣ ላያቸው ላይ ቀበሮ፣ እባብ፣ ጊንጥ፣ ጥንብ አንሳ የተቀረጸባቸው የድንጋይ ምሰሶዎች ክብ ሰርተው ቆመዋል። ያቆሟቸው ሰዎች የሚበሉት የዱር እንስሳና የዱር እህል ነበር፣ የሸክላ ዕቃ እንኳን አልነበራቸውም። ስለዚህ ቤተ መቅደስ ቀደመ፣ እርሻ ተከተለ፣ ለሰራተኛው የሚበላ ለማቅረብ ሲባል ነው እርሻ የተጀመረው የሚለውን ሀሳብ በሙሉ ልቡ ይደግፋል። ልጁ ስሜቱ ደስ ይላል፣ ምሰሶዎቹ ላይ ክንድና እጅ እንደተቀረጸ፣ ጣቶቹ እምብርት አካባቢ እንደሚገናኙ፣ ከስራቸውም የቀበሮ ቆዳ ያንጠለጠለ ቀበቶ እንዳለ ሁሉ በዝርዝር ጽፎልናል፣ ማለትም ምሰሶዎቹ ራስና ትከሻ ያላቸው ሰው መሰል ነገሮች ናቸው።

መልስ 4

3ን አረመው፣ ትንሽ ጠንከር ባለ አነጋገር። ሽሚት በ2014 ካረፈ በኋላ በተደረገው ቁፋሮ መኖሪያ ቤቶችና የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያዎች ተገኝተዋል፣ የመፍጫ ድንጋዩም በጣም ብዙ ነው፣ ስለዚህ ሰው የማይኖርበት፣ ለበዓል ብቻ የሚመጣበት ቤተ መቅደስ ነበር የሚለው ትረካ ዛሬ አይቆምም። ቤተ መቅደስ እርሻን ወለደ ማለትም አንዱን መሰላል አንስቶ ሌላ መሰላል ማቆም ነው ሲል ጨርሶታል። 3 ላይ ትንሽ ጨከነበት እንጂ ነገሩ ልክ ነው። የሚገርመው ክፍል ግን አልተነካም፣ ንጉስም ጎተራም ግብርም ሳይኖር ብዙ ቶን የሚመዝን ድንጋይ ከአለት ፈልፍለው አውጥተው የሚያቆሙ ሰዎች በፈቃዳቸው ተደራጅተው ነበር ማለት ነው።

መልስ 5

ልጅነቷን በወፍጮ ድንጋይ እህል እየፈጨች ያሳለፈች እህት ናት የጻፈችው። ተንበርክኮ መፍጨት ምን እንደሚያደርግ ስትነግረን ጉልበቱ ከድንጋዩ በፊት ያልቃል፣ የእግር አውራ ጣት ወደ ኋላ ታጥፎ ክብደቱን ሁሉ ይሸከማል፣ ወገብ ደሞ ማታ ለመቃናት እምቢ ይላል። ይሄን ሁሉ ያነሳችው ሶሪያ ውስጥ አቡ ሁሬይራ ላይ የተገኙትን አጽሞች ለማስታወስ ነው፣ እዛ የመጀመሪያዎቹ ገበሬ ሴቶች የእግር ጣት አጥንት፣ ጉልበትና የታችኛው ጀርባ ልክ በዚህ ቦታ ተበልቶ ተገኝቷል። ቀጥላም በብዙ ቦታ የመጀመሪያዎቹ ገበሬዎች ከአዳኞቹ ቁመታቸው እንዳጠረ፣ ጥርሳቸው እንደተበላሸ ጠቅሳ ይሄን ኑሮ ሰው ወዶና መርጦ እንዴት ገባበት ብላ ጠየቀች። ከዚህ በኋላ የመጣው ሁሉ ለዚች ጥያቄ ዕዳ አለበት፣ እኔ እንደሚመስለኝ የኔን ጥያቄም ከኔ በላይ ያሳመረችው እሷ ናት።

መልስ 6

ቁፋሮ ላይ በጉልበት ሰራተኝነት የሰራ ሰው ነው፣ ቦታውን አልጠቀሰም። እሱ እንደሚለው ማንም አልመረጠም፣ መልሱ ዘሩ ላይ አለ። የዱር ስንዴ ሲበስል ዛላው ራሱን ይበታትናል፣ ፍሬው መሬት ይወድቃል፣ መራባት የሚችለው እንደዛ ነው። አልፎ አልፎ ግን በተፈጥሮ ጉድለት ፍሬው ከዛላው አልላቀቅ የሚል ተክል ይበቅላል፣ በዱር ቢሆን ዘር አይተካም ነበር፣ አጫጅ ማጭድ ይዞ ሲመጣ ግን በእጁ የሚቀረው እሱ ነው፣ የወደቀውማ ወድቋል። ሰው ያጨደውን መልሶ ሲዘራ ሳያውቀው ያንን እየመረጠ ነው። ይሄ ደሞ እንዴት እንደሚታወቅ ያየውን ነግሮናል፦ ከምድጃው የወጣውን አፈር በርሜል ውሃ ውስጥ ይገለብጡታል፣ ቀስ እያሉ ያማስሉታል፣ አፈሩ ሲዘቅጥ የከሰለው ፍሬ ይንሳፈፋል፣ በጥሩ ወንፊት ያጠሉትና ጥላ ላይ ያደርቁታል፣ ከዛ ማይክሮስኮፕ ስር ፍሬው ከዛላው የተላቀቀበትን ጠባሳ ያያሉ። ጠባሳው ለስላሳ ከሆነ ራሱ የረገፈ የዱር ነው፣ የተቀደደ ከሆነ በውቂያ የተለያየ የተላመደ ነው። ንብርብሩን ከታች ወደ ላይ ሲቆጥሩት የተቀደደው ቀስ እያለ ነው የሚበዛው፣ ሁለት ሦስት ሺህ ዓመት ይፈጃል፣ አንድም ትውልድ ለውጡን በዓይኑ አላየውም ማለት ነው። ስለዚህ የእርሻ አብዮት የሚለው አነጋገር ራሱ አሳሳች እንደሆነ ነው የሚያምነው። ይሄ ሰውዬ ተጨማሪ እንዲጽፍ ለምኜዋለሁ።

መልስ 7

አንድ ወንድም በትህትና እነዚህ ሺህ ዓመታት ከየት እንደሚመጡ፣ ከእምነቱ ጋር እንደማይገጥሙለት ገልጾ ሰው እንዲያስረዳው ጠየቀ። ስድብ አልነበረበትም፣ ሊሰደብም አይገባውም ነበር፣ ከስር ሁለት ሰዎች አላግባብ ስለተናገሩት ኮሜንታቸው ተነስቷል፣ ለዛ ነው ከዝርዝሩ የሌሉት።

መልስ 8

ለ7 የተሰጠ መልስ ነው፣ ረጅምና ትዕግስተኛ። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ እየተነፈሰና እየበላ ካርቦን 14 ያስገባል፣ ሲሞት ማስገባቱን ያቆማል፣ ያለው ደሞ በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ የቀረውን በመለካት ከሞተ ስንት ጊዜ እንደሆነ ይሰላል። ዘዴውን በ1940ዎቹ መጨረሻ ያወጣው ዊላርድ ሊቢ ነው፣ ለዚሁ የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። አየር ውስጥ ያለው መጠን በየዘመኑ ስለሚለዋወጥ በዛፍ ዓመታዊ ቀለበት እየተመሳከረ ይስተካከላል። ከ50 ሺህ ዓመት በላይ ግን የሚቀረው በጣም ትንሽ ስለሆነ አይሰራም፣ ለዛ የእሳተ ገሞራ አመድን በውስጡ ባለው አርጎን በሚባል ጋዝ መለካትና ሌሎች መንገዶች አሉ። የሃይማኖቱን ክፍል ሳይነካ ነው ያለፈው፣ 7ም አመስግኖ እንደሚያስብበት ጻፈ። እንዲህ ሲሆን ደስ ይለኛል።

መልስ 9፣ 10 እና 11

9 በአርጎን ሰበብ ወደ ቅሪተ አካል ይዞን ሄደ፣ የሰው ዘር ሁሉ መነሻ ድንቅነሽ ናት፣ ስልጣኔም ከዛው ይጀምራል የሚል ነው። 10 ወዲያው አረመው፦ ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው፣ በሁለት እግሯ የምትሄድ ብትሆንም ዝርያዋ አውስትራሎፒተከስ ነው፣ ከኛ ዓይነቱ ሰው በጣም ሩቅ ናት፣ ከሷም ሆነ ከማንኛውም ቅሪተ አካል ወደ ከተማ መሻገር አይቻልም። የኛ ዓይነት ሰው ከተባለ ኦሞ ኪቢሽ ላይ የተገኘው አለ፣ በ2005 195 ሺህ ዓመት ተብሎ የነበረው በ2022 በአመዱ ጥናት 230 ሺህ ገደማ ሆኗል፣ አፋር ውስጥ ሄርቶ ላይ የተገኘውም 160 ሺህ ነው። 11 ደሞ 10ንም አረመው፣ ሞሮኮ ጀበል ኢርሁድ ላይ ያለው 300 ሺህ ነው፣ ፊቱ ልክ እንደኛ፣ የራስ ቅሉ ጀርባ ግን ሞላላ፣ ስለዚህ አንድ መነሻ ቦታ ከመፈለግ በመላው አፍሪካ ተበታትነው የሚገናኙ ሕዝቦች ብሎ ማሰብ ይሻላል። ከዛ በኋላ የእኔ ይበልጣል የእኔ ይበልጣል ሆነ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፣ ይሄ ሁሉ ቁጥር ለጥያቄዬ የሚጠቅመው በአንድ በኩል ነው፦ 300 ሺህ ዓመት የኛ ዓይነት ሰው ነበረ፣ እርሻ ግን በ12 ሺህ ዓመት ውስጥ ብቻ በብዙ አህጉር ለየብቻው ብቅ አለ። ምክንያቱ አንጎል አይደለም ማለት ነው። ብዙዎቹ አጥኚዎች የሚያነሱት የአየሩን ጸባይ ነው፣ የበረዶ ዘመኑ አየር በጣም ተለዋዋጭ ነበር፣ ከ11,700 ዓመት ወዲህ ረጋ።

መልስ 12

ክሩ የተበላሸበት ቦታ። ጎቤክሊ ቴፔን፣ የኢንደስ ሸለቆውን ጥንታዊ ከተማ ሞሄንጆ ዳሮን፣ ፒራሚዶችን በአንድ ላይ አስሮ እነዚህን አዳኝ ለቃሚ ሊሰራቸው አይችልም፣ ከበረዶ ዘመን በፊት የጠፋ የላቀ ስልጣኔ ነው ያስተማራቸው፣ አርኪዮሎጂስቶች ደሞ ይደብቁናል አለ። 3ን እንደ ምስክር ጠርቶታል፣ 3 ግን እንደዛ አላለም።

መልስ 13 እና 14

13 በቁጣ ነው የመለሰችው፣ ግን ማስረጃ ይዛ። አንድ ትልቅ ስልጣኔ ቢኖር ቆሻሻ ይተዋል፣ የተላመደ እህል፣ የቤት እንስሳ አጥንት፣ የማዕድን ጥቀርሻ፣ መርከቡ የሰመጠበት ወደብ። ያለን ግን 23 ሺህ ዓመት የቆየ የጎጆ ምድጃና ከውስጡ የወጣ የገብስ ፍሬ ነው፣ ትንሹ ነገር ተርፎ ትልቁ እንዴት ይጠፋል? ጎቤክሊ ቴፔ ላይ ደሞ ድንጋዩ የተፈለፈለበት አለት እዛው አጠገቡ አለ፣ ያልተጨረሰ ምሰሶ ከነጉድጓዱ ተኝቷል፣ የባልጩት መሳሪያው በሺህ የሚቆጠር ነው። 14 ከሷም ብሶ 12ን ያልተማረ ብሎ ሰደበው። ስድቡን አልደግፍም። የ13ን ቁጣ ግን እጋራዋለሁ፣ ምክንያቱም አንድን ሕዝብ ይሄን መስራት አትችልም ነበር ብሎ ስራውን ነጥቆ ለሌላ መስጠት ቀላል ነገር አይደለም፣ በድንጋይ መሳሪያ ድንጋይ ፈልፍለው ያቆሙትን ሰዎች ላባቸውን መካድ ነው።

መልስ 15

አንድ አባት ናቸው የጻፉት፣ አነጋገራቸው ላይ ዕድሜ ያስታውቃል፣ ልጆቼ እያሉ ሁለቱንም ወገን አረጋግተው ወደ ጥያቄው መለሱን። ያነሱት ቻታልሆዩክን ነው። ቱርክ ውስጥ ከዛሬ 9,100 ዓመት ገደማ ጀምሮ ከ1 ሺህ ዓመት በላይ ሰው የኖረበት፣ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ የነበረበት ሰፈር። መንገድ የለውም፣ ቤቱ ከቤት ተጣብቆ ነው የተሰራው፣ ሰው የሚሄደው በጣሪያ ላይ ነው፣ ወደ ቤቱ የሚወርደውም በመሰላል፣ ሙታኑ ከወለሉና ከመደቡ ስር ነው የሚቀበሩት፣ ግድግዳው ሲጠቁር እንደገና ይለሰናል፣ ቁፋሮው ላይ ልስኑ በብዙ አስር ድርብ ተቆጥሯል። ከሌላው ጎልቶ የሚታይ ቤተ መንግስት አልተገኘም፣ ቤቶቹ በመጠን ይቀራረባሉ። ለእሳቸው የጥያቄው መልስ እዚህ ጋ ነው፣ እርሻም ብዙ ሕዝብም አለ፣ አዛዥ ግን አይታይም፣ ይሄም ለ1 ሺህ ዓመት ሰርቷል። እውነቱን ለመናገር ጋሼ የጻፉት ከኔ ፖስት ይልቅ የኔን ሀሳብ የገለጸው ነው። ኢያሪኮንም ጨምረዋል፣ 10 ሺህ ዓመት ገደማ የሆነው፣ 8.5 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ውስጡ ደረጃ ያለው የድንጋይ ግንብ፣ ካትሊን ኬንየን በ1950ዎቹ ያወጣችው፣ እሱም በንጉስ ትዕዛዝ ለመሰራቱ ምልክት የለውም።

መልስ 16

ተቃውሞ አለው። ቻታልሆዩክ ከተማ ሳይሆን ትልቅ መንደር ነው፣ ሁሉም ቤት ለራሱ ያርሳል፣ ለራሱ ያከማቻል፣ ከተማ የሚባለው የስራ ክፍፍል ሲኖር ነው፣ ይሄንንም አርኪዮሎጂስቱ ጎርደን ቻይልድ በ1950 ባወጣቸው መለኪያዎች ነው የሚመዝነው። ልክ ነው፣ ግን መለኪያውን ንጉስ ባለው ቦታ ከለካነው በኋላ ንጉስ የሌለውን ሁሉ ይጥላል።

መልስ 17

ወደ ትርፉ ጥያቄ የተመለሰው ይሄ ነው፣ ለ1 መልስ እንዲሆን። መንግስት የተነሳባቸው ቦታዎች ብዙዎቹ የእህል አገር ናቸው፣ ስንዴ ገብስ፣ ሩዝ፣ በቆሎ፣ ማሽላ። እህል ከመሬት በላይ ነው የሚያፈራው፣ ማሳው አንድ ጊዜ ይደርሳል፣ ዓይን ያየዋል፣ ይሰፈራል፣ ይደርቃል፣ በጎተራ ይቆያል፣ ስለዚህ ግብር ሰብሳቢ በመኸር ቀን መጥቶ ድርሻውን ይወስዳል። ስራስር የሆነ እንደሆነ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ይቆያል፣ ባለቤቱ ሲርበው ብቻ ይነቅላል፣ ማን ስንት እንዳለው ማንም አያውቅም። ሰውዬው የሚለው ትርፍ ምርት መንግስትን አላመጣም፣ ሊወሰድ የሚችል ምርት ነው ያመጣው ነው። ይሄን መልስ ሳነበው ብዙ ነገር ተፈታልኝ፣ እህል ብቻውን ግን አይበቃም፣ እህሉ ለ5 ሺህ ዓመት ነበራ። ሰው ሂድ ሲባል የሚሄድበት ቦታ እስካለው ድረስ ግብር አይከፍልም፣ ጥሎ ይሄዳል። ደቡብ ኢራቅ ላይ ወንዙ ዳር ለም ነው፣ ከወንዙ ራቅ ሲባል በረሃ ነው፣ ናይልም እንደዛው፣ የመሄጃው መንገድ ሲጠብ ነው ባለጎተራው ክንዱ የሚበረታው። ይሄን ሀሳብ አንትሮፖሎጂስቱ ሮበርት ካርኔሮ በ1970 ጽፎታል፣ ለሁሉም ቦታ አይሰራም፣ ለነዚህ ሁለቱ ግን ይመስለኛል።

መልስ 18

ስለ ኡሩክ የሚያውቅ ሰው ገባ። እዛ በብዛት የሚገኘው ዕቃ ወርቅ አይደለም፣ ጠርዙ ሰያፍ የሆነ፣ ሻካራ፣ በጥድፊያ በቅርጽ ማውጫ ተጨፍልቆ የተሰራ የሸክላ ሳህን ነው፣ በየቁፋሮው ክምር ሆኖ ይወጣል። ብዙዎች የሰራተኛ ቀለብ መስፈሪያ ነበር ይላሉ፣ በመጀመሪያው ጽሕፈት ላይም መብላትን ወይም ቀለብን የሚያመለክተው ምልክት የሰው ጭንቅላትና ሳህን ጎን ለጎን ተደርጎ የተሳለ ነው። ጽላቶቹን ሲዘረዝር አብዛኞቹ ሂሳብ ናቸው፣ ይህን ያህል ገብስ፣ ይህን ያህል በግ፣ ከማን ገባ ለማን ወጣ። ኩሺም የሚል ስም በተደጋጋሚ ይታያል፣ የሰው ይሁን የመስሪያ ቤት የሚያከራክር፣ ገብስ ሲቀበልና ሲያስረክብ የተመዘገበ። ታሪክ፣ ቅኔ፣ ጸሎት የተጻፈው ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ ነው። ያቺ ሳህን ለኔ ከማንኛውም ሐውልት በላይ ትናገራለች፣ ቤቱ ምድጃ የነበረው ሰው ከሌላ ሰው ጎተራ ተሰፍሮለት መብላት የጀመረበት ቀን ናት።

መልስ 19

18 እና እኔን አንድ ላይ የወቀሰ። ጽሕፈትን እንደ መለኪያ ለምን ያዛችሁ አለ። ፔሩ ውስጥ ካራል 4,600 ዓመት ገደማ የሆነው ትልልቅ መድረክ ያለው ከተማ ነው፣ ጽሕፈት ይቅርና የሸክላ ዕቃ እንኳን አልነበረም። ኋላ እዛው አካባቢ የገዙት ኢንካዎች ያን ሁሉ ግዛት ያስተዳደሩት በተቋጠረ ገመድ ነው። የኢንደስ ሸለቆ ሕዝብ ደሞ ምልክት ነበረው፣ እስካሁን አልተነበበም፣ ሞሄንጆ ዳሮ ላይ የተሸፈነ የፍሳሽ ቦይና የጉድጓድ ውሃ በየሰፈሩ አለ፣ ቤተ መንግስት ነው ተብሎ በእርግጠኝነት የሚጠቆም ግን የለም። መነሻ ፖስቴ ጽላቶቹን የጠቀሰው ቀን ለመያዝ ነው፣ ቢሆንም 19 ያመጣቸው ምሳሌዎች ክሩን አስፍተውታል።

መልስ 20

ሁላችሁም ወንዝና ስንዴ ላይ ተጣብቃችኋል፣ አፍሪካን ረሳችኋት የሚል ምሬት ያለው መልስ ነው፣ ትክክለኛ ምሬት። ሰሃራ አረንጓዴ በነበረበት ጊዜ ሰዎች ከብት ያረቡ ነበር፣ እርሻ ግን ከብዙ ሺህ ዓመት በኋላ ነው የመጣው፣ የተላመደ ማሽላ ቀደምት ማስረጃው ምስራቅ ሱዳን ከሰላ አካባቢ ነው፣ ከ5 ሺህ ዓመት በፊት። ማለት መጀመሪያ ከብት፣ ኋላ እህል። ከርማ የሚባለው የኑቢያ ከተማ ከዛሬ 4,500 ዓመት አካባቢ ሲነሳ ሀብቱ የሚታየው በከብት ነው፣ በትልልቆቹ መቃብሮች ዙሪያ የከብት ራስ ቅል በመቶዎችና በሺዎች ተደርድሮ ተገኝቷል። ከብት ደሞ ከ17 ጋር ስታያይዘው ይገርማል፣ ግብር ሰብሳቢ ሲመጣ በእግሩ የሚሄድ ሀብት ነው። 17 ይሄን አንብቦ ከርማ ሀሳቡን እንደሚፈትነው ጻፈ፣ እህል ብቻ ማለቱን አላልቶ።

መልስ 21

በቁጣ የሄደው 12 ተመልሶ መጥቶ ማንም የሚያዳምጠው እንደሌለ ተናገረ። 15ኛው አባት በግል እንዳናገሩት ኋላ ሰማሁ።

መልስ 22

ብዙ ሰው ያላነሳውን አመጣ፣ ዩክሬን ውስጥ ያሉትን የትሪፒሊያ ሰፈሮች። ከዛሬ 6 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት፣ ከኡሩክ ጽላቶች በፊት፣ ታልያንኪ የሚባለው ከ300 ሄክታር በላይ ይሸፍናል። ቤቶቹ በክብ በክብ ተደርድረው መሀሉ ባዶ ሜዳ ነው፣ ቤተ መንግስት የለም፣ የሀብታም መቃብር የለም። በውስጡ ስንት ሰው ዓመቱን ሙሉ ይኖር እንደነበር ይከራከሩበታል፣ ክረምት ከበጋ ወይስ ለስብሰባ ብቻ የሚለው አልተቆረጠም። ሰውዬው የሚያነሳው ነጥብ ይሄ ቦታ የኡሩክን መንገድ ሳይዝ ብዙ ሰው አንድ ላይ ማኖር ይቻል እንደነበር ያሳያል ነው፣ ከዛ ግን ፈረሰ፣ ንጉስ ሳይወልድ። እኔ የምፈልገው ምሳሌ ይሄ ነበር።

መልስ 23

5ኛዋ እህት ተመልሳ መጥታ 22ን ጠየቀችው። ቤቱ ጭቃና እንጨት ከሆነ ከ6 ሺህ ዓመት በኋላ የመቶዎቹ ቤቶች አሰላለፍ፣ ያውም 300 ሄክታር ሳይቆፈር፣ እንዴት ሊታወቅ ቻለ?

መልስ 24

22 መለሰላት። ቤቶቹ የተቃጠሉ ናቸው፣ ብዙዎቹ ሆን ተብለው ይመስላል፣ ግድግዳው የተለሰነበት ጭቃ በእሳቱ እንደ ሸክላ ጠብሷል። በከፍተኛ ሙቀት የተጠበሰ ጭቃ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው የብረት ቅንጣት የምድርን መግነጢስ አቅጣጫ ይዞ ይቀራል፣ ስለዚህ መለኪያውን ይዘው እርሻው ላይ መስመር በመስመር ሲመላለሱ እያንዳንዱ የተቃጠለ ቤት ካርታው ላይ ጥቁር ሬክታንግል ሆኖ ይወጣል፣ ያልተቃጠለው ደሞ ደብዘዝ ብሎ። እሷም ቀጥላ ለምን ያቃጥሉት እንደነበር ጠየቀች፣ 6ኛው የቁፋሮ ሰው ደሞ እንዲህ እስኪጠበስ ድረስ ቤት ለማቃጠል በራሱ ላይ ካለው እንጨት በላይ ማገዶ ከውጭ መከመር እንደሚያስፈልግ በሙከራ መታየቱን ጨመረ። ክሩ አሁን ያለው እዛ ጋ ነው፣ ስለ ማቃጠሉ የምታውቁ ከ25 ቀጥሉ።